የጠፋው ጓንት፦ መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎች ፖርቱጋልኛ በሥነ ጽሑፍ ስለ ማስተማር

በብራዚል መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1857 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ነው። በ1880 የሚላኖ ጉባኤ ከምልክት ይልቅ የንግግር ዘዴ እንዲመረጥ ከወሰነ በኋላ ግን፣ ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ በከንፈር ንባብና በድምፅ ልምምድ ላይ አተኩሮ ቆየ። በ2002 የወጣው ሕግ ሊብራስ ለተባለው የብራዚል የምልክት ቋንቋ ዕውቅና ሲሰጥ፣ ሊብራስ የጽሑፍ ፖርቱጋልኛን ሊተካ እንደማይችልም ደነገገ። በመሆኑም ተማሪው ሰምቶት የማያውቀውን ቋንቋ አንብቦ ማወቅ ይኖርበታል።

ለዚህ ዓላማ ከሚያገለግሉት መጻሕፍት አንዱ ካሮሊና ሄሰል፣ ፋቢያኖ ሮሳና ሎዴኒር ካርኖፕ በ2003 ያወጡት «ሲንደሬላ ሱርዳ» ነው። በዚህ መጽሐፍ ሲንደሬላ መስማት የተሳናት ናት፤ የሚጠፋባትም ጫማ ሳይሆን ጓንት ነው። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ትርጉሙ ከፍ ያለ ነው፤ እጅ የንግግር መሣሪያ በመሆኑ፣ ልጁ የራሱን ቋንቋ በታሪኩ እምብርት ላይ ያገኘዋል። ሥዕሉ፣ የምልክት ጽሕፈቱና ፖርቱጋልኛው በአንድነት መቅረባቸውም የሚመሰገን ነው።

ይሁን እንጂ የሦስቱ ጎን ለጎን መቀመጥ ብቻውን ቋንቋ አያስተምርም። ተማሪው ታሪኩን ከሥዕሉ ተረድቶ ፖርቱጋልኛውን ሳያነብ ሊያልፈው ይችላል። ችግሩ በግስ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፖርቱጋልኛ «ዳንሳቫ» (ትደንስ ነበር) እና «ፔርዴው» (ጠፋባት) ብሎ የቆየውን ድርጊት ከተፈጸመው የሚለየው በግሱ መድረሻ ነው። ሊብራስ ግን ጊዜን የሚያመለክተው የግሱን መድረሻ በመለወጥ ሳይሆን፣ በተለይ ጊዜን በሚገልጹ ምልክቶች ነው። የሚሰማ ልጅ ልዩነቱን በጆሮው ይለምደዋል፤ መስማት የተሳነው ልጅ በዓይኑ ካላስተዋለው ከየትም አያገኘውም።

ተረት ለዚህ ከሰዋስው ሰንጠረዥ የተሻለ መሣሪያ ነው። ጭፈራው ሲቀጥል አንዱ የግስ መልክ፣ ጓንቱ ሲጠፋ ሌላው መልክ የሚመጣበትን ምክንያት ታሪኩ ራሱ ያሳያል። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ታሪኩን በሊብራስ በሙሉ ይተርክ፤ ተማሪዎቹም በዚያው ቋንቋ ይወያዩበት፤ ከዚያም ወደ ጽሑፉ ተመልሰው አንዱን ዐረፍተ ነገር ከምልክቱ ጋር ያነጻጽሩት፤ በመጨረሻም ታሪኩን ለውጠው ራሳቸው ይጻፉት።

ይህ የሚሳካው መምህሩ ሁለቱንም ቋንቋዎች አጣርቶ ሲያውቅ ነው። ዕቅድ አውጪዎች መጽሐፉን አሳትመው ማደላቸው ብቻ በቂ አይደለም፤ ለመምህሩ ሥልጠና የሚሆነውን ጊዜና በጀት አብረው ካልመደቡ፣ ጥሩው ተረት በመደርደሪያ ላይ ያለ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።