የመርከብ መብራትና የደቂቃ ሒሳብ

የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የመርከብ ግጭት መከላከያ ደንብ፣ ርዝመቱ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ነጩ የምሰሶ መብራቱ ቢያንስ ከ6 የባሕር ማይል፣ የጎንና የኋላ መብራቶቹ ደግሞ ከ3 ማይል እንዲታዩ ያዛል። ብዙዎች ይህን እንደ አምፖል ጉልበት ያነቡታል፤ ለፈረቃ መኮንን ግን የጊዜ ሒሳብ ነው። በሰዓት 15 ማይል የሚጓዙ ሁለት መርከቦች ፊት ለፊት ሲመጡ 6 ማይሉ 12 ደቂቃ፣ 3 ማይሉ 6 ደቂቃ ይሆናል። ቀይና አረንጓዴው የጎን መብራት ገና ሳይለይ የሚናገሩት ሁለቱ ነጭ የምሰሶ መብራቶች ናቸው፤ የፊተኛው ዝቅ፣ የኋለኛው ከፍ ብሎ ይሰቀላል። አንዱ በሌላው አናት ላይ ቀጥ ብሎ ከታየ መርከቡ ወደ እኛ እየመጣ ነው፤ ከተራራቁ ፊቱን ዝቅተኛው መብራት ወዳለበት አዙሯል። ቀለሙ በኋላ መጥቶ የታወቀውን ያጸናል።

ኤልኢዲ በረከሰበት ዘመን ለምን አብዝተን አናበራም የሚል ክርክር አለ። ለ3 ማይል 12 ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ) ሲበቃ ለ6 ማይል 94 ያስፈልጋል፤ ብርሃን በርቀት ከመሳሳቱም ሌላ አየሩ ይበላዋል። ስሌቱ ደግሞ 13 ማይል ያህል የሚያሳይ ጥርት ያለ አየር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ቀይ ባሕር ላይ አቧራ ሲነሳ ቁጥሩ አይጸናም። ክርክሩ እስከዚህ እውነት አለው። ነገር ግን የጎን መብራት ጥቅሙ ድንበር ያለው መሆኑ ነው። ግራው ቀይ፣ ቀኙ አረንጓዴ፣ እያንዳንዱ ከፊት ጀምሮ 112.5 ዲግሪ ይሸፍናል፤ ከፊት በኩል ድንበሩን ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ሲያልፍ መክሰም አለበት። ከልክ ያለፈ ብርሃን በመርከቡ አካል ላይ እየነጠረ ድንበሩን ካደበዘዘው፣ በጎን የሚያልፈው ሌላ መርከብ ሁለቱንም ቀለም አይቶ ፊት ለፊት የመጣ ይመስለዋል። ደንቡም ብርሃኑ ዓይን እንዳያጥበረብር እንዲገደብ ይመክራል።

ራዳርና ኤአይኤስ (መርከቦች ማንነታቸውንና ቦታቸውን በሬዲዮ የሚያሳውቁበት መሣሪያ) እያሉ መብራት ምን ያደርጋል ለሚለው፣ ባብ ኤል መንደብን አቋርጠው ወደ ጅቡቲ የሚገቡ የኢትዮጵያ መርከቦች መልሱን ያውቁታል። የእንጨት ጀልባ በራዳር ላይ የሚሰጠው ምልክት ደካማ ነው፤ ኤአይኤስም ብዙውን ጊዜ የለውም። የደንቡ እውነተኛ ድክመት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከ12 ሜትር ለሚያንስ ጀልባ የጎን መብራቱ ከ1 ማይል ቢታይ ይበቃል ይላል። በሰዓት 15 ማይል የሚሄድ መርከብ በ5 ማይል ከሚመጣ ጀልባ ጋር ሲገናኝ ይህ 3 ደቂቃ ነው። የትንሽ ጀልባ ባትሪ ደካማ በነበረበት ዘመን ማዘኑ ተገቢ ነበር፤ ዛሬ አይደለም። መሻሻል ያለበት የትልልቆቹ መብራት ሳይሆን ይህ ነው፤ 1 ማይሉን ወደ 2 ለማሳደግ የሚያስፈልገው ከ0.9 ካንዴላ ወደ 4.3 መውጣት ብቻ ነው።