ከኅብሩ በፊት ያለችው ቃል

ሰምና ወርቅ የሚለው የግጥም ስልት ስም ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው፤ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ፣ ወርቁ ከሥሩ የተሸሸገው ነው። አንጥረኛው ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይፈሳል። ሰሙ ላይ ያልተቀረጸች ቅንጣት ወርቁ ላይ አትገኝም። ግጥም ስመዝን ይህን ሥራ ከዓይኔ አላርቅም።

ብዙ አንባቢ ኅብረ ቃልንና ሰምና ወርቅን አንድ ያደርጋቸዋል። ኅብረ ቃል ሁለቱ ፍቺዎች የሚገናኙባት ቃል ናት፤ ሰምና ወርቅ ግን የስንኙ ሙሉ አካል ነው። ስለዚህ ኅብሯን ያገኘ ገጣሚ ገና ሥራውን ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። «በቅሎ»ን እንውሰድ። የጋማ ከብቷም ናት፣ ዘር ሲበቅል የምንለውም ነው። ለማሳያ ያህል እንዲህ ገጠምኩ፦

ዘሬን ተሸክሜ በመንገድ ላይ ደክሜ፣
በቅሎ አገኘሁ ከደጅሽ ላይ ቆሜ።

ሰሙ ደህና ነው፤ ሸክም የከበደው መንገደኛ በቅሎ አገኘ። ወርቁ «ፍቅሬ በቀለልኝ» ሊል ይፈልጋል። ነገር ግን ትከሻ ላይ ያለ ዘር በየትኛው አፈር ይበቅላል? ወርቁ ሳይሞላ ቀርቷል። አንዷን ስንኝ አፍርሼ ደግሜ ሠራኋት፦

ዘሬን ጥዬ ሄጄ ስመለስ ደክሜ፣
በቅሎ አገኘሁ ከደጅሽ ላይ ቆሜ።

አሁን መንገደኛው የከበደውን አውርዶ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ የሚጭንበት አገኘ። አፍቃሪውም ዘሩን መሬት ላይ ጥሎ ሄደ፤ ሲመለስ በቅሎ ጠበቀው። ሥራውን የሠራችው «ጥዬ» ናት፤ ማንም ልብ የማይላት ቃል። ጥሩ ቅኔ ሲነገር ጆሮዬን የምጥለው እንዲህ ዓይነቶቹ ላይ ነው። በተለይ ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ ሰነፍ ቃል የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

ሌላም የምፈትነው ነገር አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ። ወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ አፍ ላይ ግን ይለያያሉ። ብዙዎች ይህን እንደ ኅብር ይቀበሉታል፤ እኔ ግን ዋጋውን ዝቅ አደርግበታለሁ። ቅኔ በማኅሌት ለጆሮ የሚቀርብ እንጂ ተጽፎ ለዓይን የሚሰጥ አልነበረምና። «ገና» ያለው አንዱን መርጦ መጥራት ግድ ይለዋል። «በቅሎ» ግን እንስሳዋም ግሱም በአንድ ድምፅ ይነገራሉ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሽማግሌ ሁለቱንም እኩል ይሰማቸዋል።