ወፍጮው የማን ነው?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን የማሰለችባት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፤ «አድራጊው ማነው?» የምትል። ስለ ጤናና ስለ «ማኅበረሰብ አጋርነት» የሚጻፈውን ሳነብ ዛሬም ትመጣብኛለች። «ግንዛቤ ተፈጠረላቸው»፣ «ተጠቃሚ ሆኑ» ይላል ጽሑፉ። ለመሆኑ ግንዛቤ የጎደለው ማን ሆኖ ነው?

ነገሩን ወደ ጣና ላውርደው። ከባሕር ዳር በቁንዝላና በደልጊ በኩል እስከ ጎርጎራ በሚዘልቀው ዳርቻ፣ የደንገል ታንኳ በመሥራት የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት የእኛኑ አማርኛ ነው። ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. «ራ» በተባለችው ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሳ ደንገሉን ያስቆረጠው ከጣና ነበር። ደንገሉ ውቅያኖስ ሲያይ፣ የታንኳው ባለሙያ ከጎረቤቱ ማዕድ አልደረሰም። «ጉማሬ በሊታ» ተብሎ ክርስቲያኑም ሸሸው፤ ሙስሊም ነኝ ቢልም ሙስሊሙ ሸሸው። የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢውም እሱ ነበር እኮ! በወፍጮው የተፈጨውን እየበሉ ከሱ ጋር አለመብላት፣ ኧረ ይሄ ምን ዓይነት ንጽሕና ነው?

ንቀቱ ጤናም ይነካል። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ተውሳኩ ከውኃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ዓሣ አጥማጁና ደንገል አጫጁ ደግሞ ውኃ ውስጥ ነው የሚውሉት። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ ሰውየው ግን በማግስቱ እዚያው ውኃ ይገባል። መፀዳጃ ቤትና ንጹሕ ውኃ ካልታከለበት መድኃኒት ብቻውን አያዛልቅም። ቧንቧው የት ይተከል የሚባለው በስብሰባ ነው፤ የተናቀ ሰው ደግሞ በስብሰባ አፉን አይከፍትም፣ ቢከፍትም ሰሚ የለውም።

በ1996 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በስውር ይደፋ እንደነበር ሲጋለጥ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ በቁጣ ወጡ። እኛም እዚህ ሆነን «እንዴት ደማችንን!» አልን። ደግ አደረግን። ታዲያ የጣናው ጎረቤታችን የጠጣበትን ሲኒ ስንለይ፣ ያ ቁጣችን የት ይገባል?

እንግዲህ አጋርነት ከተባለ፣ ግንዛቤው አስቀድሞ ለናቂው ይፈጠር። የነገደ ወይጦው ሰው በውኃ ኮሚቴው ወንበር ይኑረው፤ ቡናው ሲቀዳም ከዚያው ረከቦት ይጠጣ። መድኃኒቱን መንግሥት ይግዛ። ሲኒውን ማቀበል ግን የኛ ፋንታ ነው።