የሚሮጡትን አይተናል፤ የሚራመዱትስ?

በጥምቀት ሰሞን ሁሩታ፣ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። ማታ ኔትወርክ ሲመጣ የማየው ቪዲዮ አንድ ዓይነት ነው፦ ጣሊያን ውስጥ፣ ቺንኬ ቴሬ በሚባሉት አምስት የባሕር ዳርቻ መንደሮች መሃል በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ባሕር። ከአንዱ መንደር ቡና ጠጥተው ይነሳሉ፣ ሌላው ጋ ምሳ ይበላሉ። አክስቴ ስልኬን አየት አደረገችና «ምን ፈልገው ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

«ለመሄድ ነው።»

«መኪና የላቸውም?»

«አላቸው።»

ዝም አለች። ለአንዳንዱ መንገድ ትኬት እንደሚቆረጥ አልነገርኳትም።

በነጋታው ገበያዋን ጨርሳ ወደ ገጠር ቤቷ ስትመለስ ተከተልኳት። ባሕር የለንም፤ ዳር ግን አለን። ከኢተያ ወደ ሁሩታ የሚገባው አገር የደጋው ጠርዝ ላይ ነው፤ ወደ ታች ስምጥ ሸለቆው፣ ወደ ላይ ጭላሎ። ስንዴው ታጭዶ አልቋል፣ ማሳው ላይ ገለባ ብቻ ቀርቷል። አስፋልቱ እስካለ ባጃጅና ጋሪ ያልፉናል፤ ከዚያ በኋላ አቧራና ጎርፍ የቆረጠው ቦይ ነው። አክስቴ ያገኘችውን ሁሉ አንዱን በኦሮምኛ፣ አንዱን በአማርኛ ሰላም ትላለች፤ ከብቱ፣ ልጁ፣ የታመመው ሰው አንድ በአንድ ይጠየቃል። እኔ ትንፋሼን የምሰበስበው እሷ ሰላም ስትል ነው።

ስልኬ 20 ሺህ እርምጃ ሲሞላ ብልጭልጭ ረጭቶ «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። አክስቴ ይኼን መንገድ በሳምንት ሁለቴ ትመላለስበታለች። እስከዛሬ ደስ ያለው አፕ የለም።

መንገድ ላይ ስለ አርሲ የተሠሩ ሁለት ፊልሞች ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሱ ነበር። ስመለስ ሁለቱንም ደግሜ አየኋቸው።

የመጀመሪያው ሌስሊ ውድሄድ ያዘጋጀውና ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1999 ለሲኒማ ያወጣው «ኢንዱራንስ» ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱን ሆኖ ይጫወታል፤ ልጅነቱን የገዛ ዘመዱ ይጫወትለታል። ፊልሙ ወሬ አያበዛም፤ ልጁን፣ ውኃውን፣ መንገዱን ያሳያል። እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ችግሩ መንገዱ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ መውሰዱ ነው፤ ወደ 1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ፣ ኃይሌ በ10 ሺህ ሜትር ፖል ቴርጋትን ቀድሞ ወርቅ ወዳገኘበት ሩጫ። ያ ሁሉ ድካም ለወርቁ የተከፈለ ቅድሚያ ክፍያ ይመስላል። እርምጃ በራሱ ምንም አይደለም፤ ገና ሩጫ ያልሆነ ነገር ነው።

እስቲ የኃይሌን ግራ እጅ አስቡት። ሲሮጥ ጠጋ ብላ እንደታጠፈች ነው፤ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ደብተር ይዞ ስለሚሮጥ የቀረችበት ልማድ ናት ይባላል። 10 ኪሎ ሜትር ሂያጅ፣ 10 ኪሎ ሜትር ተመላሽ። ዓለም የስታይል ምልክት አድርጎ ያየው ትምህርት ቤት የራቀበትን ልጅ ነው። «ትምህርት ቤቱ ለምን ራቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ፊልም ግን ሌላ ፊልም በሆነ ነበር።

እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ዳታ ላይ የምንፈራው አንድ ስህተት አለ፤ የተረፉትን ብቻ ቆጥሮ ስለ ሁሉም መደምደም። «ሩቅ ትምህርት ቤት ጀግና ይፈጥራል» የሚለው ታሪክ እንደዚያ ነው። በዚያው ዓይነት መንገድ ሄዳ ያቋረጠች አትቆጠርም። የአክስቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አቋረጠች። ከተማ ቤት ተከራይተውላት ነበር፤ ብሩ ሲያልቅ በእግር ሞከረችው፤ ክረምቱ ሲገባ ቀረ። እግሯ ከማንም አያንስም ነበር እኮ።

ሁለተኛው፣ የጄሪ ሮትዌል «ታውን ኦፍ ራነርስ» (2012) እዚህ ጋ ይሻላል። ቦታው በቆጂ ነው፤ የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለ፣ የጥሩነሽ ዲባባ አገር። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የሚያሠለጥኗቸውን ሁለት ልጃገረዶች ለዓመታት ይከተላል። ሁለቱም ክለብ ለመግባት ከቤታቸው ይወጣሉ፤ ነገሩም እንደታሰበው ብቻ አይሄድም። የሚተርክልን ደግሞ ሯጭ ሳይሆን ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ሮትዌል ያልተሳካውን አልቆረጠም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ግን እሱም ቢሆን ሰው እንዲታይ መጀመሪያ ለመሮጥ መሞከር አለበት። ያልሞከረው ጀርባው ላይ ማገዶ ይዞ ከፍሬሙ ዳር ያልፋል።

ሌላም ቅሬታ አለኝ፤ ይኼ በተለይ ለ«ኢንዱራንስ» ነው። አገሩን ታሪክ እንደሌለው ውብ ሜዳ ያየዋል። የምንራመድበት የስንዴ ማሳ ግን ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ። ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር አስገቡ፣ ጭሰኞችም ተነቀሉ። እነሱም በእግራቸው ነበር የሄዱት። ይኼ ሁሉ ሲቀር የሚተርፈው ፖስት ካርድ ነው።

የቺንኬ ቴሬ መንገድም ድሮ የወይን ገበሬዎች መንገድ ነበር። መራመድ ውብ የሆነው ሌላ አማራጭ ሲመጣ ነው። ይኼን ስል እግረኛውን መናቄ አይደለም፤ እኔም ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ደስ ያለኝ ግን በማግስቱ በሚኒባስ ስለምመለስ ነው። የአርሲን መንገድ የሚያሳየን ፊልምም ሆነ ጽሑፍ ይኼን ልዩነት ካልደበቀ ለእኔ በቂው ነው።

ሁለቱንም እዩዋቸው። ከ«ታውን ኦፍ ራነርስ» ጀምሩ፤ ሱቅ ጠባቂውን ልጅ ደግሞ በደንብ ስሙት።

ቤቷ ስንደርስ አክስቴ ዘንቢሏን አስቀምጣ እሳት ልታያይዝ ጎንበስ አለች። ቡናው ተቆልቶ ሳያልቅ ቀና ብላ አየችኝ።

«እነዚያ ሰዎች ግን» አለች፣ «ሲመሽባቸው ማን ያሳድራቸዋል?»