«ለስላሳ ሽብለላ» ስለሚለው ስያሜ

አገናኝ ሲነካ ገጹ ወደሚፈለገው ክፍል ሳይዘል እየተጓዘ እንዲደርስ በጃቫስክሪፕት የሚደረገውን አሠራር «ለስላሳ ሽብለላ» ማለት ቃል በቃል መተርጎም ነው። «ሽብለላ» ይሁን፤ የብራና ክታብም ተሸብልሎ ይያዛል። «ለስላሳ» ግን የጨርቅና የቆዳ ቅጽል ነው፤ ደራ ላይ «ለስላሳ» ብሎ ላዘዘማ ጠርሙስ ይቀርብለታል። የአሠራሩ ፍሬ ነገር የመካከሉ መታየት ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚሄድ መንገደኛ ደራንና ኢተያን እያየ ስለሚያልፍ ቅደም ተከተላቸውን ያውቃል፤ አንባቢም እንዲሁ። በኮዱ የ«ስሙዝ» ተቃራኒ «ኢንስታንት» ስለ ሆነ ጥንዱ «ተጓዥ» እና «ዘላይ» ቢባል ይሻላል። «ተከታታይ» ማለት ገጹን ማለቂያ የሌለው ያስመስለዋል። እንቅስቃሴ የሚያዞራቸው ሰዎች ተጓዡን ዘግተው ዘላዩን ስለሚመርጡ፣ ሁለቱም ስሞች ተለይተው መታወቅ አለባቸው።