የአእምሮ ሐኪምነት ትምህርት የሚመረጥበት ሚዛን

በአሜሪካ አገር የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ የአእምሮ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ሰው 4 ዓመት በሬዚደንትነት ይሠራል። የሚሠራበትንም ሆስፒታል የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ1952 በተጀመረው «ማች» በተባለው ድልድል ነው። ተመራቂው ሆስፒታሎችን በምርጫው ተራ ይጽፋል፤ ሆስፒታሎቹም ተመራቂዎቹን እንዲሁ ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ስሌቱ ያገናኛቸዋል። ከአገራችን ወደዚያ የሚሻገሩ ሐኪሞችም በብዛት የሚያልፉት በዚሁ በር ስለ ሆነ፣ የአመራረጡን ነገር መመርመር ይገባናል።

በዚህ አመራረጥ ሁለት ጉድለት እናያለን። አንደኛው ግምት ነው። አንዳንዶች «ይህኛው ሳይቀበለኝ አይቀርም» ያሉትን ከፊት፣ በእውነት የሚመኙትን ከኋላ ይጽፋሉ። ይህ ከንቱ ጥንቃቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተሻሻለው ስሌት የሚነሣው ከተመራቂው ምርጫ ነው፤ አንደኛ የጻፈው ሆስፒታል ባይቀበለው፣ ሁለተኛውን የማግኘት ዕድሉ በዚህ ምክንያት አይቀንስም። እንግዲህ ምኞቱን የደበቀ ሰው ራሱን ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም።

ሁለተኛው ዝና ነው። የከተማው ስምና የዩኒቨርሲቲው ዕድሜ ከሁሉ በፊት ይቈጠራል። ስለ ኑሮና ስለ ቤተ ሰብ ማሰብ ተገቢ ነው፤ 4 ዓመት አጭር ጊዜ አይደለምና። ዝናን ግን ዋና ሚዛን አድርገን አንቀበለውም። የቀዶ ሕክምና ተማሪ የሠራውን ቀዶ ጥገና ቈጥሮ ሊያሳይ ይችላል፤ የአእምሮ ሐኪም ዋና መሣሪያ ግን ጆሮውና አንደበቱ ነው። ይህም መሣሪያ ስሕተትን የሚያሳይ መምህር በሌለበት አይሳልም። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፤ ተማሪው ከሕመምተኛ ጋር ሲነጋገር ልምድ ያለው ሐኪም ተቀምጦ ያየዋልን? የዚያ አገር የሥልጠና ደንብ የ12 ወር የተመላላሽ ሕክምና ያዛል፤ በዚያ ጊዜ ተማሪው አንዱን ሕመምተኛ በእውነት ይከታተላልን ወይስ ሁልጊዜ አዲስ ፊት ይቀበላል? ቋንቋ ባይገጥምስ አስተርጓሚ ይቀርባልን ወይስ ልጅ ለአባቱ እንዲያስተረጉም ይደረጋል?

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይኸው ትምህርት ሲጀመር፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር አስተምረዋል። ከሁሉ በፊት የተፈለገው አጠገብ ተቀምጦ የሚያርም መምህር መሆኑን ይህ ያስረዳል። መራጩ ይህን ቢዘነጋ፣ ጉድለቱን የሚከፍለው እርሱ ብቻ ሳይሆን ነገ በፊቱ የሚቀመጠው ሕመምተኛ ነው።