«አብዮታዊ መድረክ» እና የክርክር ትምህርት

በ1968 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ የከፈተው «አብዮታዊ መድረክ» የተሰኘ ዓምድ የመኢሶንና የኢሕአፓ አመለካከቶች በጽሑፍ የተፋጩበት ነበር። ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» መስጠት ወይስ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» ማቋቋም የሚለው ጥያቄ ጥልቅ ነበር፤ ክርክሩም አንባቢን ከአዳዲስ የፖለቲካ ቃላት ጋር አስተዋውቋል። ጉድለቱ ግን የሚታየው በዚያው በቃላቱ ነው። ሙግቱ እየከረረ ሲሄድ ሐሳብን በማስረጃ ከመመርመር ይልቅ ባለሐሳቡን «ባንዳ» ወይም «አናርኪስት» ብሎ መሰየም ቀለለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ስያሜው ከጋዜጣ ገጽ ወደ ቀበሌ ወርዶ፣ በጉለሌም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች፣ የእስርና የሞት ምክንያት ሆነ።

ስለዚህ የክርክር ክፍለ ጊዜ የሚመራ መምህር አንድ ደንብ ቢያጸና ተገቢ ነው፤ ይኸውም ተማሪው መልስ ከመስጠቱ በፊት የተከራካሪውን ሐሳብ፣ ባለቤቱ «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ፣ በራሱ አንደበት እንዲገልጽ ማድረግ ነው።